ሲቆም ያዢው

ነሐሴ ነው ወሩ፣ ሚርዛቾል ነው ሜዳው፣
ሐብሐብ ነው የሞላው ከዳር እዳር ማሳው።
መኪናዬ ቆሟል ከመስኖው ቦይ ማዶ፣
እኔም ተጋድሜ፣ ባርኔጣ ፊቴን ጋርዶ፣
የተኛሁ መስዬ በቀዳዳው አያለሁ፤
ሾፌር ነኝ፣ ጫኝ አይደለሁ።

ኤርጋሽ ከታች ቆሟል እግሩን አንፈራጦ፣
የሸሚዙን እጅጌ እስከ ክርኑ ገልብጦ፤
ምራቱ ዙልሁሞር ከመኪናው አናት
ጭድ ረግጣ ቆማለች፤ ለሥራው እንግዳ ናት።

የፊተኛው ሐብሐብ ሽቅብ ሲወነጨፍ
ቸኩላ ዘረጋች ክንዷን እንደ ክንፍ፤
ገና ጉልበት ሳለው፣ ገና ሲገሰግስ፣
ደረቷን መታና፣ ትንፋሿ እስኪመለስ
ጭዱ ላይ ቁጭ አለች።
ሁለተኛውን ግን ፈርታ ጠበቀችው፣
ጫፍ ደርሶ፣ ተመልሶ፣ ሲወርድ ነካችው፤
ቁልቁል የተነሣ ማንን ይሰማል?
ጣቷን ቆልምሞ አልፎ ጧ ብሎ ፈርጧል።

ኤርጋሽ አልተቆጣም። ጎንበስ አለና
ከፍርጡ መሃል ቀይ ልቡን አንሥቶ ጎረሰ፤
ዘሩን እንትፍ ብሎ፣ አፉን በክንዱ አበሰ፦

«ስሚኝ ልጄ፤
እኔ ከእጄ ስለቀው ስንቅ ነው የምሰጠው፣
መሬት ቀራጭ ሆና መንገድ ላይ የምትቀንሰው።
ኬላዋ አይታይም፣ የሌለበት ቦታ የለም፤
ለግዙፍ ለደቃቃ ታሪፏን አትለውጥም፤
በየቅጽበቱ እኩል፣ እኩል ትቆርጣለች፣
ስንቁ እስኪያልቅ ድረስ።
ሲያልቅ ይቆማል፤ ለአንድ ጥቅሻ ያህል
አይወጣም፣ አይወርድም።
ያኔ ነው የአንቺ ተራ። ሲቆም ያዢው።
ግን እንዳትሞኚ፤ ቆመ ማለት ተለቀቀ ማለት አይደለም፣
ቆሞም ገመዱ ከእጇ አልወጣም።
ካለፈሽ፣ የቀረጠችውን ሁሉ
ሳንቲም ሳታጎድል ትመልስለታለች፣
በሄደበት ፍጥነት ይመጣል ወደ እኔ።
ይህን ያስተማረኝ መምህር አይደለም፤
ትከሻዬ ነው።»

ሦስተኛው ተነሣ። ዓይኗን ጣለችበት፤
ፈጠነ፣ ዘገየ፣ ዛለ፣
ደረቷ ፊት ደርሶ «ልሂድ ወይስ ልመለስ?» አለ፤
መዳፏን ከሥሩ አስገባች።
ስምንት ኪሎ ሐብሐብ እንደ ጫጩት ተኛ።
(ባርኔጣዬን አነሣሁ፤ ወዲያው መልሼ ደፋሁት።)

ሦስት በጋ እንዲህ ጫኑ።
በሁለተኛው ሕፃን አዝላ መጣች፣
ከመኪናዬ ጥላ ሥር፣ ከጎማው አጠገብ አስተኛችው፤
ያን ቀን እውነትም አልተኛሁም።
ክምሩ ሲያድግ እሷም አብራ ከፍ ትላለች፣
እሱም ስንቅ ይጨምራል፤ ቃል አይለዋወጡም።

በአራተኛው በጋ
ሐብሐቡ ደረቷ ጋ ሳይደርስ ወገቧ ላይ ቆመ፣
በሳምንቱ ጉልበቷ ላይ፤
ጎንበስ እያለች ተቀበለች፣
ምንም እንዳልሆነ።
መሬት ታሪፍ አልጨመረችም፣
ስንቁ ነው ያነሰ።

አንድ ጠዋት ወረደች።
«አባባ፣ ከላይ ፀሐዩ በዛብኝ» አለች፣
ገና ፀሐይ ሳትወጣ።

ኤርጋሽ አያት፤ እኔንም አየኝ፤ እኔ ተኝቻለሁ።
ጉልበቱን በእጁ ደግፎ ወጣ።
ዕድሜውን በሙሉ ከታች ነው የኖረ፣
ሲሰጥ እንጂ ሲቀበል ያየው ሰው አልነበረ።
ዙልሁሞር ዝቅ አለች፣ ተነሣች፣ ለቀቀች፤
ሐብሐቡ ወጣ፣ ዛለ፣
እጁ ውስጥ ቆመ።
ሳያስቀምጠው ቆየ። አገላበጠው።
«እንዲህ ነበር እንዴ የምልክልሽ?» አለ፣ «እንዲህ ቀላል?»
እሷ መልስ የላትም፤ ሌላ አንሥታለች።

ማታ ታሽከንት ገባሁ። ሚዛነኛው መዝኖ
«ስድስት ቶን ከሁለት ኩንታል» ብሎ ጻፈ፣
ከመነጽሩ በላይ አየኝ፦
«ከባድ ነው ጭነትህ።»
ዝም ብዬ ፈረምኩ።